የራዲያተር ውሃ እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ የማይታይ ሲሆን፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በራዲያተሩ አናት ላይ ክዳን፣ በጎኑ ደግሞ ነጭ የፕላስቲክ ሪዘርቭ (ትርፍ ውሃ መያዣ) ያላቸውን መኪኖች፣ በተለይም አዲስ አበባን የሞሉትን ቪትዝና ኮሮላ ነው። የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) እና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እነሳለሁ።

ፍሳሹ በዓይን ከታየ ነገሩ አያከራክርም። በውሃ ፓምፑ ሥር ሮዝ ወይም ነጭ ዝቃጭ ደርቆ ከተገኘ ፓምፑ ይቀየራል። የራዲያተሩ አሉሚኒየም ከፕላስቲክ ታንኩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የሚያልብ ከሆነ ራዲያተሩ ይቀየራል፤ የሚቀባው ማጣበቂያ ሲሞቅ ይለቃል። የጋቢናው ምንጣፍ ርሶ መስታወቱ ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም ከተሸፈነ የሚያፈሰው የውስጥ ማሞቂያው ነው።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ራዲያተሩ ሲከፈት ውሃው ጎድሏል፤ ሪዘርቩ ግን እስከ አፉ ሞልቷል፣ ወይም ዳገት ከተወጣ በኋላ ገንፍሎ ዙሪያውን አርሷል። እንዲህ ሲሆን መንስኤው በአብዛኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው።

በክዳኑ ውስጥ ሁለት ቫልቮች አሉ። ትልቁ በስፕሪንግ ተጭኖ ግፊቱን ይይዛል፤ ውሃውን ወደ ሪዘርቩ የሚያሳልፈው ግፊቱ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው የግፊት ቁጥር፣ ማለትም ከ0.9 ወይም ከ1.1፣ ሲያልፍ ብቻ ነው። ትንሹ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተከፍቶ ያንኑ ውሃ ይመልሳል። የትልቁ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ውሃው ያለጊዜው ይወጣል፤ ትንሹ ከተጣበቀ የወጣው አይመለስም።

ይህ ጉድለት ደጋ ላይ ይብሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግፊት የሌለበት ንጹህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ሲሆን፣ የብዙዎቹ መኪኖች ፋን የሚነሳውም ከ90 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሥራ ሳይጀምር ውሃው ሊፈላ ይችላል። 1.1 የሚል ጤነኛ ክዳን ግን ያንኑ ውሃ ከ115 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ ያቆየዋል።

ጣርማ በርን በወጣ ቁጥር ውሃ የሚተፋ አንድ ኮሮላ ቀርቦልኝ ነበር። ቴርሞስታቱና ፓምፑ ተቀይረው፣ በመጨረሻም ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ታድሶለት ነበር። ክዳኑን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ መኪና ስለሆነ ጎማው እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ ስፕሪንጉም በዝገት ተበልቷል። ክዳን ተቀየረለት፤ ችግሩም ቆመ። የላይኛው ቱቦው በየሌሊቱ ተጨፍልቆ የሚያድር ቪትዝም አይቻለሁ። ባለቤቱ ቱቦው ጥራት የለውም ተብሎ ሌላ ገዝቶ ያም ተጨፍልቆበታል፤ ጥፋቱ ግን የተጣበቀው ትንሹ ቫልቭ ነበር።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ የላይኛው ቱቦ ሲጨበጥ ከላላ በኋላ ክዳኑ ይከፈታል። ሞቆ እያለ አይከፈትም። በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ የሚል ሰው አይጠፋም፤ በጨርቅም ቢሆን አይከፈትም። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ፣ ወይም ትንሹ ቫልቭ በጥፍር ሲሳብ የማይከፈት ወይም ሲለቀቅ የማይመለስ ከሆነ ክዳኑ ይጣላል። ጎማው የሚያርፍበት የራዲያተሩ አፍ ጠርዝም በጨርቅ ይጠረግ፤ ከተቦረቦረ አዲስ ክዳንም አይዝለትም።

ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ክዳን ይዘው ይሂዱ፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የክዳኑ ጥልቀትና የጎማው ስፋትም መመሳሰል አለባቸው። ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ያለምንም ትግል የሚጨፈለቅ ከሆነ ካርቶኑ የቱንም ያህል ቢያምር እንዳይገዙት። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብሎ 0.9 በሚፈልግ መኪና ላይ 1.3 የሚገጥም ሻጭ ምክሩን ለራሱ ያስቀረው፤ ያረጀው የፕላስቲክ ታንክ በዚያ ግፊት ይሰነጠቃል። ፍሳሽ ይደፍናሉ ተብለው የሚሸጡትን ፈሳሾችም አይጨምሩ፤ የማሞቂያውን ቀጫጭን መስመሮችና ራሱን የክዳኑን ቫልቭ ይደፍናሉ።

ሲሞላ ያልተበረዘ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል፤ ተበርዞ የሚሸጠው ግን እንዳለ ይጨመራል። ከዚያም የውስጥ ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሞተሩ ክዳኑ ሳይገጠም ከቀዝቃዛነቱ ጀምሮ ይሠራ፤ ታፍኖ የቆየው አየር እየወጣ ውሃው ሲወርድ እየተጨመረ ቆይቶ ክዳኑ ይገጠማል።

አዲስ ክዳን ተገጥሞም ውሃው መጉደሉን ከቀጠለና በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ በተነሳ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ጠጥሮ ከተገኘ፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የተበላሸው በአብዛኛው የቴስታ ጓርኒሲዮን ነው። ይህ በቤት የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ መኪናውም ተጎትቶ ይሂድ እንጂ አይነዳ።