ሜትር ይዛችሁ ከበሩ ጀምሩ፦ ሙዚየምን ለሁሉም የማድረግ ሥራ

ሳይንስ ማዕከል ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ቤት የመጣውን እንጂ የቀረውን አይቆጥርም። ስለዚህ ሥራውን ከስብሰባ አትጀምሩ። ሜትር ያዙና ከበሩ ጀምሩ።

እኔን ያነቃኝ አንድ ጠረጴዛ ነው። የማርሽ ማሳያ ነበረበት፤ እጀታውን ስታዞሩት ትንሹ ማርሽ ትልቁን እያዞረ ክብደት ያነሳል። እንኮራበት ነበር። አንድ ቀን በዊልቸር የምትሄድ ልጅ መጣች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። በጎን ሞከረች፤ እጇ አልደረሰም። ወንድሟ አዞረላት፣ እሷ አየች። ፈገግ ብለን ሸኘናቸው። ነገሩ የገባኝ ማታ ነው፦ ልጅቷ የመጣችው ወንድሟ ሲያዞር ልታይ አልነበረም።

የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን የሳይንስ ሙዚየም ሲከፍት ሐሳቡ ጎብኚው ራሱ እየነካ እንዲማር ነበር። እጅ ያልደረሰበት ሰው እንግዲህ ምኑን ጎበኘ?

በነጋታው ለካን። የጠረጴዛው ሥር በጣውላ ተዘግቷል። ጣውላውን ነቀልን፣ እጀታውን ወደ ጠርዙ አመጣን፤ በቃ። ለናንተም ቁጥሮቹ እነሆ፦ ለጉልበት ከወለሉ ቢያንስ 70 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ፣ ለበር ቢያንስ 82 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ዊልቸር ለማዞር 1.5 ሜትር። የዊልቸር ተዳፋት መወጣጫ ከሆነ ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ስጡት። 15 ሳንቲሜትር ደረጃ ካለ 1.8 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ መወጣጫ ሳይሆን መንሸራተቻ ሠራችሁ።

ቀጥሎ ጽሑፉ። የእኛው ማሳያ ላይ «የማሽከርከር ኃይል በጥርሶች ብዛት ንጽጽር ይወሰናል» የሚል ተለጥፎ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ምን ይደረግ። የጽዳት ባልደረባችንን እንድታነበው ጠየቅኳት። «ለፈተና ነው?» አለችኝ። ቀየርነው፦ «ትንሹ ማርሽ ሦስቴ ሲዞር ትልቁ አንዴ ይዞራል። ቀስ ይላል፤ ጉልበት ግን ያገኛል።» እናንተም ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ከጀርባው ቀለም ጋር በደንብ ይለይ። «ቀዩን ተጫኑ፣ አረንጓዴውን ተዉ» አትበሉ፤ ሁለቱን መለየት የሚቸግረው ሰው አለ። አንዱን ክብ፣ ሌላውን አራት ማዕዘን አድርጉት። ቪዲዮ ካለ ጽሑፍና የምልክት ቋንቋ ይኑረው። ብሬል ለጥፎ ጨረስኩ ማለትም አይሠራም፤ ብሬል የማያነብ ዓይነ ስውር ብዙ ነው። የድምፅ ገለጻና በእጅ የሚዳሰስ ቅጂ ጨምሩ።

ጫጫታ ለሚከብዳቸው፣ ለምሳሌ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች፣ ድምፁ የሚቀንስበት ሰዓት መድቡ። ወጣ ብሎ መመለስም ይፈቀድ።

የመግቢያ ዋጋስ? መቀነስ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2001 ጀምሮ ብሔራዊ ሙዚየሞቿን በነፃ ስትከፍት የጎብኚው ቁጥር አሻቀበ። የሚመጣው ሰው ዓይነት ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ለምን እንደሆነ እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ፦ ሁለት ጎረምሶች በነፃ ቀን ገብተው፣ ጥበቃው ከክፍል ክፍል ሲከተላቸው። ሌላ ማንንም አልተከተለም። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ወጡ። ስለዚህ ከአስጎብኚው በፊት ጥበቃውንና ትኬት ቆራጩን አሠልጥኑ፤ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ቅናሽ የሚጠይቅ ሰውም በሌላ ሰልፍ ቆሞ ድህነቱን እንዲያስረዳ አታድርጉት።

አለቃችሁ ካንገራገረ የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት «ሙዚየም» ለሚለው ቃል የሰጠውን ትርጉም አሳዩት። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕራግ ላይ የጸደቀው ትርጉም ሙዚየም ተደራሽና አካታች መሆን አለበት ይላል። እኔ ሁለቴ ተጠቅሜበታለሁ፤ አንዴ ሠርቷል።

ዋናው ነገር ግን የማይመጡትን መጥራት ነው፤ ያውም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና በካርቶን ሳለ። ለጊዜያቸውም ክፈሏቸው። «አስተያየት ስጡን» ብሎ በሻይ መሸኘት ነውር ነው።

እኛ አዲሱን አዳራሽ በካርቶን ሠርተን አንድ ዓይነ ስውር አማካሪ ጠራን። ግድግዳው ላይ ደረት ከፍታ አካባቢ ወደ ፊት የወጣ የማሳያ ሳጥን ነበር። ነጭ በትሩ ከሥሩ ባዶውን አለፈ፤ ደረቱ ሳጥኑን መታ። ካርቶኑ ተጨማደደ። «ይኼ መስታወት ነው የሚሆነው?» አለ። ዝም አልን። በዚያው ዕለት ሳጥኑን እስከ ወለሉ አወረድነው።