ስለ አዲስ ነጠላ ዜማ አስተያየት መጻፍ፦ ምን ይሰማል፣ እንዴት ይሰማል

አዲስ ነጠላ ዜማ በወጣ ቁጥር የሚጻፈው አስተያየት «ተመችቶኛል»፣ «ይለያል»፣ «እንደ ድሮው አይደለም» ከሚሉት እምብዛም አያልፍም። ስሜቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዘፈኑን ገና ያልሰማ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም፤ አቀናባሪውም ምን እንዳማረ፣ ምን እንደጎደለ አያውቅበትም። ጥሩ አስተያየት ለመጻፍ መቶ ቃል ይበቃል። የሚያስፈልገው ጆሮ የሚሰማውን ነገር በደቂቃና በሰከንድ መጠቆም፣ እንዲሁም ትዝታን በትዝታ፣ ሬጌን በሬጌ መስፈሪያ መስፈር ነው።

መጀመሪያ መስሚያው

በስልክ ስፒከር በሰማችሁት ዘፈን ላይ አትፍረዱ። ያቺ ትንሽ ስፒከር ከ200 ኸርዝ (ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች ያለውን ድምፅ አብዛኛውን አታወጣውም፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ ሲመታ 41 ኸርዝ ላይ ነው። «ቤዙ ሳስቷል» የሚለው ትችት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ ነው። ተራ ባለ ገመድ ኢርፎን ጆሮ ላይ በደንብ ከገባ ይበቃል። በደንብ ካልገባ ግን እሱም ቤዙን ያፈሰዋል።

ፋይሉም ራሱ ያሳስታል። ቴሌግራም ላይ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ኤምፒ3 ደጋግሞ የተጨመቀ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሲምባሉ ላይ ይታያል፤ «ጽስስ» ብሎ ጥርት ማለት ሲገባው ከውሃ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ ይመስላል። ስለዚህ ከድምፃዊው ወይም ከአሳታሚው ይፋዊ ቻናል ስሙ።

ሁለት ዘፈን ስታወዳድሩ ደግሞ የድምፅ መጠናቸውን አመጣጥኑ። ጮክ ብሎ የተሠራው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ በዚህ በቀላሉ ይታለላል። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ −14 ኤልዩኤፍኤስ (የጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ስለሚያስተካክል እዚያ ችግሩ ይቀንሳል። ከስልክ ማኅደር የምትከፍቱት ፋይል ግን እንደተሠራ ነው የሚጮኸው፤ የድምፃዊው ድምፅ በሁለቱም ዘፈን እኩል እስኪሰማችሁ ድረስ በእጃችሁ አስተካክሉ።

ሦስት ጊዜ መስማት

የመጀመሪያውን ስልኩን ገልብጣችሁ፣ ክሊፑን ሳታዩ ስሙ። ልብሱ፣ መልክዓ ምድሩና እስክስታው ድክም ያለ ዜማን ሲሸከሙት ይውላሉ። ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ሌላ ሥራ ሥሩና አዝማቹን ለማንጎራጎር ሞክሩ። ከመጣ፣ ዜማው ይዟችኋል ማለት ነው። ቃሉ ብቻ መጥቶ ዜማው ካልመጣ ያንንም ጻፉት፤ ስለ ዘፈኑ ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛውን እርሳስ ይዛችሁ ስሙ። መግቢያው ስንት ሰከንድ ወሰደ? አዝማቹ ስንት ላይ ገባ? አዲስ መሣሪያ የተጨመረው የት ነው? ለምሳሌ «0፡18 ድምፅ፣ 0፡47 አዝማች፣ 2፡05 ማሲንቆ» ብላችሁ መዝግቡ። ይህ መዝገብ ከሌለ «መሀሉ ይሰለቻል» ከማለት አታልፉም። ካለ ግን «ከ1፡30 እስከ 2፡40 ምንም አዲስ ነገር አልገባም» ትላላችሁ።

መግቢያው አጭር ስለሆነ ብቻ አቀናባሪውን አትውቀሱ። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች አዝማቹን ወደ ፊት ይጎትቱታል። የጊዜ ገደብ ለዘፈን ቅርጽ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲመሠርት ነጠላ ዜማ የሚወጣው ባለ 45 ዙር ሸክላ ላይ ነበር፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ እሱም ጥቂት ደቂቃ ብቻ። እንደኔ ግን በትዝታ ላይ መግቢያን መቁረጥ ትልቅ ጉዳት ነው። ድምፃዊው ሳይገባ ክራሩ ወይም ሳክስፎኑ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች፣ በሰሚው ጆሮ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።

ሦስተኛውን አንድ ነገር ብቻ ተከትላችሁ ስሙ። ቤዙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተሉ፤ ወይም ግጥሙን በወረቀት ገልብጡት።

ከዚህ በኋላ ክሊፑ ሥር የተጻፈውን አንብቡ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን)፣ ማስተሪንግ (የመጨረሻው ማጠናቀቂያ)። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ የአንድ ሰው ሥራ አይደሉም። ድምፁ በኪቦርድ ከተሸፈነ የሚክሲንጉ ነው። ኪቦርዱ ራሱ አላስፈላጊ ከሆነ የቅንብሩ ነው። ዜማው ከቃሉ ጋር ከተጣላ የዜማ ደራሲው ነው። ሁሉንም ድምፃዊው ላይ መጫን በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ቅኝቱን መለየት

ቀስ ያለና ሆድ የሚያባባ ዘፈን ሁሉ ትዝታ አይደለም። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ጫኑና ዜማው ሲጨርስ የሚያርፍበትን ድምፅ ፈልጉ፤ እሱን ዶ በሉት። ከዚያ ሌሎቹን አራቱን ለቅሙ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው፤ ማይነሩ ላይ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ሲሆን በማይነሩ ሚና ሲ ይወርዳሉ። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶ፣ ላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ወጥመድ አለ። ትዝታ ማይነርና አምባሰል አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የትዝታ ማይነሩን ሶ እንደ ዶ ቆጥራችሁ ከዚያ ብትጀምሩ የምታገኙት አምባሰልን ነው። የሚለያቸው ማረፊያው ነው። ስለዚህ ድምፆቹን ከመልቀማችሁ በፊት ማረፊያው ላይ እርግጠኛ ሁኑ፤ አንድ ስንኝ ብቻ ሳይሆን የአዝማቹንም የዘፈኑንም መቋጫ ስሙ።

ቅኝቱ ከታወቀ ሁለት ነገር አድምጡ። አንዱ ኪቦርዱ ነው። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋ እና ሲ የሉም፤ ሙሉ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) የሚያስቀምጥ ተጫዋች ግን በቀላሉ ያስገባቸዋል። ሆን ተብሎ፣ ቦታው ተመርጦ ሲገባ ያምራል፤ ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት ከባለ አሥራ ሁለት ድምፁ የምዕራባውያን ሙዚቃ ጋር ያዋሃደው እንዲህ እያሰበ ነው። ሳይታሰብበት ሲገባ ግን ድምፃዊው ሚ ላይ ሊያርፍ ሲል ከሥሩ ያለው ፋ ይገፋዋል፤ ሰሚውም «የሆነ ነገር ይቆረቁራል» ይላል፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

ሌላው አውቶቲዩን፣ የድምፃዊውን ድምፅ የሚያስተካክለው ሶፍትዌር ነው። እንጉርጉሮ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ማስተካከያው ፍጥነቱ በጣም ከጨመረ ያንን መንሸራተት ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል፤ ቅኝቱ ካልተነገረው ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ ወደሌለ ድምፅ ይስበዋል። ረዥም «አ…» የሚባልበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ስሙ። ድምፁ እንደ ደረጃ የሚወርድ ከሆነ ሰከንዱን ጻፉ።

ግጥሙን መቁጠር

በአማርኛ ዘፈን ብዙ የሚሰማው የወል ቤት ነው፤ ስንኙ አሥራ ሁለት ቀለም ኖሮት ስድስት ላይ ይከፈላል። ለማሳያ የተሠራ፦

ማለዳ ተነሥቶ / መንገድ ጀመረና፣
ያባቱን ጎጆ ቤት / ሸፈነው ደመና።

ማ-ለ-ዳ-ተ-ነሥ-ቶ፣ ስድስት። መን-ገድ-ጀ-መ-ረ-ና፣ ስድስት። እንደ «ነሥ» እና «መን» ያለው ባንድ ትንፋሽ ስለሚባል አንድ ይቆጠራል። አሁን ገጣሚው «ያባቱን ያረጀ ጎጆ ቤት» ቢል ግማሹ ዘጠኝ ይሆናል፤ ዜማው ደግሞ ለስድስት ነው የተሰፋው። ድምፃዊው ቃላቱን ማራገፍ ይጀምራል። «አነጋገሩ ጥርት አይልም» ተብሎ የሚወቀሰው ድምፃዊ ብዙ ጊዜ ቦታ የጠበበው ነው።

መጥበቅና መላላትንም ስሙ። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ዜማው ሊላላ የሚገባውን ቃል ረግጦ ካለፈ ትርጉሙ ይገለበጣል። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ላይማ ይህ ከተበላሸ ወርቁ ጭራሽ አይወጣም። ግጥሙን የገለበጣችሁበትን ወረቀት እያያችሁ የጠበቀውን ፊደል አስምሩ፤ ከዚያ ዘፈኑን እንደገና ክፈቱት።

የአማርኛ ራፕም የሚመዘነው እዚሁ ነው። ግሳችን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይበላል» ያለ ድካም ቤት ይመታሉ። ይህን የሰጠው ሰዋስው ነው፣ ራፐሩ አልደከመበትም። መጨረሻውን «-ል» አንሡና ከፊቱ ያለውን ስሙ፦ ከሥር ቃሉም የሚገጥም ነገር አለ? ስም ከግስ ጋር ገጥሟል? መሀል ስንኝ ላይ የተደበቀ ቤት አለ? ከሌለ፣ ፍጥነቱ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ ግጥሙ ቀላል ነው።

ምቱን በየዘርፉ

ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፤ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት እያላችሁ ጭናችሁን ምቱ። በኮምፒዩተር የተሠራ ከበሮ ላይ የሚታየው ጉድለት ሁሉም ምት እኩል ጉልበት፣ እኩል ሰዓት ላይ መውደቁ ነው። የእጅ ከበሮ አንዱን ያጎላል፣ አንዱን ይሸሽጋል፤ ትከሻ የሚያንቀሳቅሰው ያ ልዩነት ነው።

ሬጌ ላይ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ዋን ድሮፕ ከሆነ ከአራቱ ምቶች አንደኛው ባዶ ይተዋል፣ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ስቴፐርስ ከሆነ ኪኩ አራቱም ላይ ነው። ዋን ድሮፕ ነኝ እያለ አንደኛው ምት ላይ ኪክ የሚደፋ ቅንብር ያንን የመንሳፈፍ ስሜት ያጣዋል። በሬጌ ቤዙ ራሱ ዜማ ነው፤ ቤዙን ብቻ አንጎራጉሩ፣ ዘፈኑ ከታወቀ ሥራው ተሠርቷል።

ከደቡብ አፍሪካ የመጣው አማፒያኖ በደቂቃ ከ110 እስከ 115 ምት አካባቢ ይሄዳል። የሚጠበቀው ሎግ ድራም የሚባለው ወፍራም ድምፅ መቼ እንደሚገባ ነው። ገና በ0፡10 ከገባ የሚጠበቅ ነገር አይቀርም።

በማታውቁት ቋንቋ የተዘፈነ ከሆነ ስለ ዜማና ስለ ምት ጻፉ፣ ግጥሙን ተዉት።

ወደ መጻፉ

እንዲህ ያለ አስተያየት ይጻፋል እንበል፦ «አሪፍ ትዝታ ነው፣ ግን ቅንብሩ ትንሽ ይቀረዋል፤ ክሊፑ ምርጥ።» ይኸው ሐሳብ ሲስተካከል፦

«ትዝታ ማይነር ነው። እስከ 0፡24 ክራሩ ብቻውን መሆኑ ቅኝቱን ቁጭ አድርጎታል። አዝማቹ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዝቅ ብሎ ማረፉ ከቃሉ ጋር ሄዷል። ችግሩ ከ1፡50 በኋላ ነው፤ ስትሪንግ ኪቦርዱ ድምፃዊቷ ባለችበት ከፍታ ላይ ስለሚጫወት የመጨረሻ ቃሎቿ ይጠፋሉ። 2፡31 ላይ ያለው ረዥም እንጉርጉሮ ግን ሳይነካካ ተትቷል፣ እሱ ብቻውን ዘፈኑን ያስከፍታል።»

አንድ የሚያስመሰግን፣ አንድ የሚጎድል፣ ሁለቱም ሰከንድ ያላቸው። «ምርጥ» እና «አሪፍ» የሚሉትን ሰርዙና ምን እንደቀረ እዩ፤ ምንም ካልቀረ ተመልሳችሁ ስሙ። ከግጥሙ ከሁለት ስንኝ በላይ አትገልብጡ። የተመልካች ቁጥር አታስገቡ፣ ማስታወቂያውን እንጂ ዘፈኑን አይለካም። ድምፃዊውን ከአሥር ዓመት በፊት ከሠራው አልበም ጋር ማወዳደር ካማራችሁ የምታወዳድሩትን ነገር ስሙን ጥሩት፦ የድምፁን ከፍታ፣ የባንዱን መኖር፣ የገጣሚውን መቀየር።

ከጻፋችሁ በኋላ ሳምንት ጠብቁና አንድ ጊዜ ስሙት፣ በተለይ በመጀመሪያው ያልጣማችሁን። አንቺ ሆዬ ላይ የተሠራ ዜማ ላልለመደው ጆሮ መጀመሪያ ይጎረብጣል፤ በአራተኛው፣ በአምስተኛው ነው የሚከፈተው። ሐሳባችሁ ከተቀየረ የድሮውን አታጥፉት፤ ከሥሩ ቀን ጽፋችሁ የተለወጠውን ጨምሩበት።