ዊምብልደን እንዴት ይታያል? የወንዶች ነጠላ ለጀማሪዎች

መጀመሪያ ዊምብልደንን፣ ለንደን ውስጥ ሳር ላይ የሚደረገውን የቴኒስ ውድድር፣ ያየሁ ጊዜ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሁለቱም ተጫዋቾች ጌም በጌም እየተፈራረቁ ሰርቭ ያደርጋሉ (ነጥቡን የምታስጀምረዋን ኳስ ይመታሉ)፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ጌም ይወስዳሉ፣ 1 ለ 1፣ 2 ለ 2፣ 3 ለ 3፣ 4 ለ 4... በቃ እዚህ ምንም የለም ብዬ ውሃ ልቅዳ ተነሳሁ፣ ስልክም ተደወለና ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ 6 ለ 4 ብሎ ተጫዋቾቹ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። የዛን ሰት ዋና ነገር ማየት የነበረብኝ ልክ በዛች ደቂቃ ነበር። ሳር ላይ እያንዳንዱን ነጥብ እኩል አፍጥጦ ማየት ያደክማል፣ መቼ እንደሚፈጠጥ ካወቃችሁ ግን አምስት ሰዓት ራሱ አይበዛባችሁም።

አቆጣጠሩን ቶሎ እንለፈው። 15፣ 30፣ 40 ከዛ ጌም። ከ30 ለምን 45 ሳይሆን 40 ይሆናል አትበሉኝ፣ ልመዱት። 40 ለ 40 ከሆነ ዲውስ ነው፣ ሁለት ነጥብ በተከታታይ ያገኘ ይወስዳል። 6 ጌም በሁለት ልዩነት የደረሰ ሰት አሸነፈ (አንዴ "ሴት" ብዬ ጽፌው "ፌደረር ሶስት ሴት አሸነፈ" የሚለውን ጓደኛዬ አንብቦ ለሳምንት ሲስቅብኝ ከረመ፣ ከዛ ወዲህ ሰት ነው የምለው)። ወንዶቹ ሶስት ሰት መሙላት አለባቸው፣ ስለዚህ እስከ አምስት ይሄዳል። 6 ለ 6 ሲሆኑ ታይብሬክ (መለያ ጌም) ይጫወታሉ፣ እሱ እስከ 7 ነጥብ ነው፣ አምስተኛው ሰት ላይ ግን ከ2022 ጀምሮ እስከ 10። ድሮ አምስተኛው ሰት ታይብሬክ ስላልነበረው በ2010 ጆን ኢስነርና ኒኮላ ማሁ ሶስት ቀን ተጫወቱ፣ በድምሩ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ፣ የመጨረሻው ሰት ብቻ 70 ለ 68። የውጤት ሰሌዳው ራሱ 47 ለ 47 ላይ ደርሶ ቆመ።

አሁን ወደ ሳሩ፣ ሁሉም ነገር ከሱ ነው የሚመጣው። የዊምብልደን ሳር 8 ሚሊ ሜትር ላይ ታጭዶ ስሩ ያለው አፈር ደርቆ ጠንክሮ ነው የሚቀርበው፣ ኳሷ ስታርፍበት ከፍ ብላ አትነሳም፣ ተንሸራታ ወደፊት ትሮጣለች። ፓሪስ ሮላንድ ጋሮስ ቀይ አፈር ላይ ግን ኳሷ ትዘገያለች፣ ትከሻ ድረስ ትነጥራለች፣ ተቀባዩ ወደ ኋላ ርቆ ቆሞ ይጠብቃታል። ሳር ላይ እንደዛ የሚጠብቅ ሰው ኳሷ ጉልበቱ ስር አልፋ ትሄዳለች። ለዛ ነው ሰርቭ የሚያደርገው ሰው እንደ ንጉስ የሆነው፣ ሰርቭ አድርጎ ጌሙን መሸነፍ ማለትም ብሬክ መደረግ እዚህ እንደ አፈሩ ቶሎ ቶሎ አይገኝም፣ አንዷ ብሬክ ሰቱን ሙሉ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። የ2025ን ፍፃሜ ውሰዱ፣ ያኒክ ሲነር ከካርሎስ አልካራዝ የመጀመሪያውን 4 ለ 6 ተሸንፎ ቀጥሎ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4። 6 ለ 4 ማለት አስር ጌም ነው፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ ሰርቭ አድርገዋል፣ ስለዚህ በአራቱም ሰት ልዩነቱ የአንድ ብሬክ ብቻ ነው!

ታዲያ እኔ እንዲህ ነው የማየው። ሰርቭ የሚያደርገው 30 ለ 0 ወይ 40 ለ 0 ሲመራ ስልኬን ብነካካም ግድ የለኝም። 0 ለ 30 ሲሆን ስልኩን አስቀምጣለሁ። 30 ለ 30 ደግሞ ብዙ ሰው ችላ ይላታል እንጂ ለኔ ትልቋ ነጥብ እሷ ናት፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ያቺን ካገኘ ብሬክ ፖይንት ደረሰ፣ ማለትም ብሬክ ለማድረግ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረው። እዛ ላይ ሰርቭ የሚያደርገውን ሰውዬ ተመልከቱት፣ ኳሷን ሲያነጥር ከወትሮው ካበዛ፣ መጀመሪያ ሰርቩ መረብ ላይ ከቀረ፣ ሁለተኛውን ፈራ ተባ ብሎ ከመታ ጭንቀት ገብቷል ማለት ነው።

የ2019 ፍፃሜ ለዚህ እንደ ትምህርት ሊታይ ይችላል፣ ሙሉውን ባታገኙ እንኳን ያቺን ጌም ፈልጋችሁ እዩ። ፌደረርና ጆኮቪች፣ አምስተኛ ሰት፣ 8 ለ 7፣ ፌደረር ሰርቭ እያደረገ 40 ለ 15። አንዷን ብቻ ካገኘ ዋንጫው የሱ ነው፣ ዘጠነኛው ሊሆን ነው። የመጀመሪያዋ ላይ ፎርሃንዱ (በቀኝ ጎኑ የመታት ኳስ) ወደ ጎን ወጣችበት። ሁለተኛዋ ላይ ወደ መረቡ ሮጠ፣ ጆኮቪች በአግድም አሻግሮ አሳለፈበት። ከዛ ጌሟ ሄደች፣ ሰቱ 12 ለ 12 ደረሰ (ያኔ አምስተኛው ሰት ላይ ታይብሬክ እዛ ነበር የሚጀመረው)፣ ጆኮቪች በታይብሬክ አሸነፈ፣ 4 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጀ። አሁን ገራሚውን ስሙ፣ በጠቅላላ ነጥብ ፌደረር 218 ጆኮቪች 204 ነበር። በ14 ነጥብ በልጦ ተሸነፈ። ጨዋታው ላይ የነበሩትን ሶስት ታይብሬኮች ሶስቱንም የወሰደው ጆኮቪች ነው እኮ።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ኳሶቹ ከመጀመሪያው 7 ጌም በኋላ ከዛም በየ9 ጌሙ ይቀየራሉ፣ ሰርቭ የሚያደርገው አዲሷን ኳስ ከፍ አድርጎ ለተጋጣሚው ያሳየዋል፣ አዲስ ኳስ ደግሞ ትፈጥናለች፣ ስለዚህ ያቺን ጌም ብሬክ ማድረግ ይከብዳል። ኳስ ወጣች ገባች የሚሉት የመስመር ዳኞች ከ2025 ጀምሮ የሉም፣ ማሽን ነው፣ እኔ በግሌ ተጫዋች ከዳኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ማየት ናፍቆኛል። ልብስ ነጭ ብቻ ነው፣ እሱ አይቀየርም።

ሜዳውንም እዩ። የመጀመሪያው ሰኞ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ሳሩ ገና እርጥበት ስላለው ተጫዋቾች ይንሸራተታሉ፣ ይወድቃሉ፣ ትልልቅ ስሞች ቶሎ የሚሰናበቱትም ብዙ ጊዜ በነዚህ ቀናት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የኋላ መስመሩ አካባቢ አልቆ ቡናማ አፈር ይሆናል፣ እግር ይይዛል። የ1990ዎቹን ቪድዮ ካያችሁ ደግሞ ቡናማው ከኋላ መስመር አልፎ እስከ መረቡ መንገድ ሰርቷል፣ ያኔ ሁሉም ሰርቭ አድርጎ ወደ መረብ ይሮጥ ስለነበር ነው። በ2001 የሳሩን ዘር ሙሉ በሙሉ ወደ ራይግራስ ቀየሩት፣ በሚቀጥለው ዓመት ፍፃሜ የደረሱት ሂዊትና ናልባንዲያን ሁለቱም ከኋላ የሚጫወቱ ነበሩ።

ድሮው (የእጣው ሰንጠረዥ) ሲወጣ አትደንግጡ። 128 ሰው ነው፣ ሰባት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል። 32ቱ ሲድ (በደረጃቸው ተመርጠው በእጣው ላይ ተራርቀው የሚቀመጡ) ናቸው፣ እርስ በርስ ከሶስተኛው ዙር በፊት አይገናኙም፣ 1ኛና 2ኛው ደግሞ ፍፃሜ ላይ ካልሆነ በቀር አይገናኙም። በ1877 ሲጀመር 22 ሰው ብቻ ነበር የተመዘገበው። ሰው ስትመርጡ ፓሪስ ላይ ስላሸነፈ ብቻ እዚህም ያሸንፋል አትበሉ፣ በኦፕን ዘመን (ፕሮፌሽናሎች መወዳደር ከተፈቀደላቸው ከ1968 ወዲህ) ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰዱ ወንዶች ላቨር፣ ቦርግ፣ ናዳል፣ ፌደረር፣ ጆኮቪችና አልካራዝ ብቻ ናቸው። እኔ ሰርቩ ጥሩ የሆነውን፣ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ የሚለውንና ባክሃንዱን (በሌላኛው ጎኑ የሚመታውን) በስላይስ፣ ማለትም ራኬቱን ከላይ ወደ ታች አውርዶ፣ የሚቆርጠውን ነው የማየው፣ የተቆረጠች ኳስ ሳር ላይ ጭራሽ አትነሳም።

ከሲዶቹ ውጪ አንድ ሰው ምረጡና ተከተሉት፣ ሱስ የሚያስይዘው እሱ ነው። በ2001 ጎራን ኢቫኒሴቪች በዓለም 125ኛ ነበር፣ ዋይልድ ካርድ (የአዘጋጆቹን ልዩ ግብዣ) ባይሰጡት ዋናው ውድድር ውስጥም አይገባም ነበር፣ ከዛ በፊት ሶስት ፍፃሜ ተሸንፏል። ዝናብ ስላጓተተው ፍፃሜው ሰኞ ተደረገ፣ ከአውስትራሊያዊው ፓትሪክ ራፍተር ጋር አምስተኛ ሰት ገቡ፣ 8 ለ 7 እየመራ ሰርቭ የሚያደርገው እሱ ነው። በዘመኑ ሰርቩን ሁሉም የሚፈራው ሰውዬ ማች ፖይንት (ካገኛት ጨዋታውን የሚያሸንፍባት ነጥብ) ላይ ደብል ፎልት አደረገ፣ ሁለቱንም ሰርቭ ሳተ። ሁለተኛ ማች ፖይንት፣ ደግሞ ደብል ፎልት። ሶስተኛዋን ራፍተር በላዩ አሻግሮ አዳነ። አራተኛዋ ላይ ሁለተኛ ሰርቩን መታ፣ የራፍተር ምላሽ መረብ ላይ ቀረች፣ ጎራን ሳሩ ላይ በፊቱ ተደፋ።