የስልክ ፕሮክሲ ሰርቨር ሎግ እንዴት ይከፈታል?

ገላን ያለ መጋዘን ስልኩ በኢንተርኔት ነው የሚሠራው እንበል። ጥሪውን የሚያስተናግደው ካማይሊዮ (Kamailio) የተባለው ፕሮክሲ፣ ማለትም በስልኮች መካከል ሆኖ ጥሪ የሚያቀባብል ሰርቨር ነው። ጥበቃው «ስልኩ እምቢ አለኝ» ሲሉ እጅ ወዲያው ወደ ሪስታርት ይሄዳል። ቆይ፣ አትንኩት! የትኛው ስልክ እንደተመዘገበ የያዘው ሜሞሪው ሊሆን ስለሚችል አብሮ ይጠፋል።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። ብዙ ሰርቨር ሎጉን፣ ማለትም የሥራውን መዝገብ፣ የሚጽፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ እኛ ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በዚያ ላይ የሀበሻ ሰዓት አለ። ጥበቃው «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ካሉ በፈረንጅ 14 ሰዓት ነው፤ ዩቲሲ በሚጽፍ ሎግ ላይ ግን የምትፈልጉት 11፡00ን ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ምንም በሌለበት መስመር ላይ ሲያፈጥ ይውላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ሊዛባ ስለሚችል ማመሳሰያው መሥራቱንም እዩ።

ቀጥሎ የሎጉ ማረፊያ። ካማይሊዮ መልእክቱን ሲስሎግ (syslog) ለተባለው የሰርቨሩ መዝገብ አሠራር ይሰጣል፤ አብሮት የሚመጣው ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ሎካል0 (local0) የሚለውን ምድብ ይጠቀማል። መልእክቱን ተቀብሎ ፋይል ላይ የሚጽፈው አርሲስሎግ (rsyslog) ላይ ለዚያ ምድብ የብቻው ፋይል ስጡት። ዲስኩ እንዳይሞላ የቆየ ሎግ የሚያነሣው ሎግሮቴትም (logrotate) ይኑር።

አሁን የሎጉን የዝርዝር ደረጃ ከፍ አድርጉ። -1 ስህተት፣ 0 ማስጠንቀቂያ፣ 2 መረጃ፣ 3 ዲበግ (ዝርዝር ምርመራ) ነው። ካምሲኤምዲ (kamcmd) በሚባለው ትእዛዝ ሰርቨሩ ሳይቆም ወደ 3 መውጣት ይቻላል። 3 ላይ ግን ሎጉ እንደ ጎርፍ ነው፤ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ባትከፍቱት ይሻላል።

ከዚያ «ጋሼ፣ እስቲ አሁን አንዴ ይደውሉልኝ» በሉ። በሌላ መስኮት የጥሪ መልእክቶችን የሚያሳየውን ኤስኤንግሬፕን (sngrep) ከፍታችሁ በ5060 ፖርት የሚያልፈውን ተመልከቱ፤ ጥሪው በቲኤልኤስ (TLS) ካልተመሰጠረ ምልልሱን በቀስት ያሳያችኋል። 407 የሚል የመልስ ቁጥር አንዴ ቢመጣ አትደንግጡ፣ የይለፍ ቃል ጥያቄ ነው። ከተደጋገመ ግን የይለፍ ቃሉን ፈትሹ። 408 ከወዲያኛው ወገን መልስ አልመጣም ማለት ነው፤ ኔትወርኩን ፈትሹ። የጥሪውን ሰከንድ ካገኛችሁ ወደ ሎጉ ተመለሱና አንድ ዓይነት የፕሮሰስ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ተከተሉ።

200 (ጥሪው ተነሥቷል የሚለው መልስ) መጥቶ ድምፅ ከሌለ ሎጉን ማገላበጥ ድካም ነው። ድምፁ ብዙ ጊዜ በካማይሊዮ በኩል አያልፍም። ኤስዲፒው (SDP)፣ ማለትም ድምፁ ወዴት እንደሚላክ የሚናገረው የመልእክቱ ክፍል ውስጥ ያለውን አድራሻ እዩ፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ጥሪ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ችግሩ ኤንኤቲ (NAT)፣ ማለትም ራውተሩ የውስጥ አድራሻን በውጭ አድራሻ የሚተካበት አሠራር ሊሆን ይችላል።

ሲያበቃ ደረጃውን ወደ 2 መልሱ። ፋይሉን ለባለሙያ ከመላካችሁ በፊት የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ሸፍኑ።