አሮጌ ፒካፕ ነዳጅ ሲበላ፦ የደጀን ዳገት መዘዝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ያለውን ሰው ቢጠይቁ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። አንድ ቀን ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናው ውሃ አፈላ፤ ወይም ጤፍ ጭኖ አቀበቱ ላይ እየተንፏቀቀ ወጣ። ከዚያ ጋራዥ ገባ። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) ተነቀለ፣ ፖምፓው (ናፍጣን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ብዙ ናፍጣ እንዲሰጥ "ተከፈተ"፣ ከኋላ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም የብረት ሞላ) ተጨመረ፣ ትልቅ ጎማ ተገጠመ። መኪናው የአባይን በረሃ የሚወጣው ምናልባት በወር አንዴ ነው። በቀረው ጊዜ ግን በብርዳማው ደጋ ከአማኑኤል ደንበጫ፣ ከደንበጫ ፍኖተ ሰላም ሲመላለስ ለዚያች ዳገት የተደረገለትን ሁሉ እንደተሸከመ ነዳጅ ይጠጣል።

የኔም ሃይሉክስ እንዲህ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ "አርጅታለች" ብዬ ተቀብዬው ኖርኩ። ያቃናልኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አየና "ልጄ፣ ይቺን መኪና ያሳመሟት ሐኪሞቿ ናቸው" አለኝ።

ከዚህ በታች ያለው በተለይ የሚመለከተው ቱርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለውንና ፖምፓው በኤሌክትሮኒክስ የማይታዘዘውን የናፍጣ ፒካፕ ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚታዩት ባለ 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር አሮጌ ሃይሉክሶች እዚህ ውስጥ ናቸው።

"ነዳጅ ጨመረብኝ" ግን በስንት?

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ይለኩ። ሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ይሙሉ፣ የማደያው ማፍሰሻ በራሱ ሲዘጋ ያቁሙ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ። ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ነድተው እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ እንደገና እስኪዘጋ ይሙሉ። 252 ኪሎ ሜትር ሄደው 28 ሊትር ከገባ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የዳሽቦርዱ ጌጅ መርፌ ለዚህ አይታመንም።

ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ በትልቅ ተቀይሮ ከሆነ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል። የጎማው ዙሪያ በ5 በመቶ ከሰፋ፣ 210 ኪሎ ሜትር ሄደው ቆጣሪው 200 ብቻ ይላል። ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም ያለውን ርቀት በስልክዎ ካርታ ለክተው ከቆጣሪው ጋር ያስተያዩት።

ልኬቱን በደጀን ዳገት ላይ አያድርጉ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍታ ማንሳት ብቻውን ከ2 ሊትር በላይ ናፍጣ ይፈልጋል፤ የጎማውና የነፋሱ ተቃውሞ ሳይቆጠር። በላዩ አምስት ኩንታል ሲጫን ደግሞ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ይህን ጋራዥ አይቀንሰውም። የምንታገለው ከዚህ ውጭ ባለው ነው።

የሙቀት ጌጁ ሁልጊዜ ቀዝቃዛው ጠርዝ ላይ ነው

እኔ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው፤ በአካባቢያችን ብዙ ነዳጅ የሚያስበላው ይህ ይመስለኛል። ግማሽ ሰዓት ተነድቶ መርፌው ወደ መሃል ካልመጣ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ወዲያው ከወረደ፣ ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ ከሰጠ፣ ቴርሞስታቱ ተነቅሏል ወይም ተከፍቶ ደርቋል። ቀዝቃዛ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም፤ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ስለሚቆይ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። የእንጅባራን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

"ቴርሞስታት ከተነቀለ መኪና አይሞቅም" የሚለው አባባል በብዙ ሞተር ላይ ስህተት ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከሥሩ ያለችው ሳህን ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ያው መኪና ደጋ ላይ ይበርዳል፣ በረሃ ላይ ደግሞ ያፈላል። ሰው ግን "ይኸው ነቅለነውም አልተሻለውም" ብሎ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

መፍትሄው ለሞተርዎ ትክክል የሆነውን ቴርሞስታት መመለስ ነው፤ ብዙዎቹ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራሉ፣ ቁጥሩ በላዩ ተቀርጿል። ከመግጠምዎ በፊት ምግብ የማይሠራበት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው፣ ታችውን ሳያስነኩ ውሃውን ያሙቁ። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 የሆነ ቴርሞስታት ድስቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይከፈትም። ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ መከፈት መጀመሩን ካዩ በቂ ነው።

ቀድሞውኑ ያስነቀለው የማፍላት ችግርስ? ያንን ከሥሩ ይፈልጉት። የራዲያተሩን ክዳን ያስፈትሹ። ጤነኛ ክዳን ውሃውን አፍኖ ይዞ የመፍያ ሙቀቱን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን አፈናውን ይለቃል፤ ያኔ ውሃው ደጀን ሲደርስ በ92 ዲግሪ ይፈላል። በርካሽ ዕቃ ምክንያት ስንት ሞተር ወርዷል! ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አይክፈቱ። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክንፎች በባትሪ ብርሃን ይዩ። በታኅሣሥና በጥር በየአውድማው ዳር ሲያልፉ የሚገባው እብቅና የሳር ፍሬ ከአቧራ ጋር ሆኖ ይለጥፋቸዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በለስላሳ ውሃ ያጥቡት። ኃይለኛ የውሃ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

የኔ መኪና በሊትር 7.8 ትሄድ የነበረችው ቴርሞስታትና ክዳን ብቻ ተቀይሮላት 8.7 ገባች።

ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ

ጥቁር ጭስ ማለት አየር ያላገኘ ናፍጣ ነው። የከፈሉበት ነዳጅ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው። ጥያቄው አየሩ ነው ያነሰው ወይስ ናፍጣው የበዛው የሚለው ነው።

ከአየር ፊልትሮው ይጀምሩ። በአዲስ ቀይረው ያው ዳገት ላይ ይሞክሩት፤ ጭሱ ከቀነሰ ምክንያቱን አገኙ። የቢቸናን ወይም የአዴትን ገጠር መንገድ በበጋ የሚመላለስ መኪና የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ጊዜ ቀድሞ ፊልትሮ ይፈልጋል። የወረቀት ፊልትሮን ጎማ ላይ እየጠፈጠፉ ማራገፍ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ በቤንዚን ማጠብም ያበላሸዋል። በኮምፕሬሰር ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ራቅ አድርገው፣ በቀላል ግፊት። "አየር እንዲያገኝ" ብለው ያለ ፊልትሮ የሚነዱ አሉ። እባካችሁ ይህን ተዉ። የመንገድ አቧራ የፒስተን ቀለበትን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰማያዊ ጭስ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘይት መቃጠሉን የሚናገር ነው።

ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ጭሱ ካለ፣ ሞተሩም በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ ወጣ ገባ ካለ ወይም የማንኳኳት ድምፅ ካለው ኖዝል ይጠርጥሩ። ናፍጣን እንደ ጉም መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ኖዝል ነዳጅም ፒስተንም ይበላል። ፖምፓና ኖዝል የሚሠራ ጋራዥ በመፈተሻው ላይ ያያቸዋል፤ አራቱንም አንድ ላይ ያስፈትሹ፣ ሲገጠሙም የመዳብ ማሸጊያዎቹ አዲስ ይሁኑ። ሞተሩ እየሠራ ቱቦ ሲፈታ እጅዎን አያስጠጉ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሞተሩ በሚኒሞ ለስላሳ ሆኖ፣ እግርዎን ሲጭኑ ብቻ ከኋላ እንደ ከሰል ክምር የሚያጨስ ከሆነ ፖምፓው ተከፍቷል። "ጉልበት እንዲኖረው ትንሽ ክፈትልኝ" ሲባል መካኒኩ የሚያዞራት ቪቴ (ብሎን) ሞተሩ ሙሉ ጭነት ላይ የሚያገኘውን የናፍጣ መጠን የምትወስን ናት። በፋብሪካ የታሸገችበት ምክንያት አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለባሕር ጠለል የተለካ ናፍጣ እንኳ እዚህ ይበዛል፤ በላዩ ሲከፈትለት የሚጨመረው ጉልበት ጥቂት፣ ጭሱና የሞተሩ ውስጣዊ ሙቀት ግን ብዙ ነው። በረሃው ላይ ለማፍላቱ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ፖምፓውን አስወርደው በመለኪያ ማሽን ላይ ያስተካክሉት። በግምት ቪቴ እየመለሱ መሞከር እንደገና ወደ መጀመሪያው ችግር ይወስዳል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ እኔ ስድስት ወር ቆጥቤ ነው ያሠራሁት።

እስከዚያው በመስታወቱ ወደ ኋላ እያዩ ይንዱ። ጭሱ ሲጠቁር እግርዎን ትንሽ ያንሱ፣ እስኪጠፋ። መኪናው ፍጥነቱን ብዙም እንደማይቀንስ ሲያዩ ይገረማሉ። ካስፈለገ ማርሽ ይቀንሱ።

በሜዳም ይጎተታል፣ ሲለቁት ቶሎ ይቆማል

ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ያለው ሜዳ ለዚህ ጥሩ ነው። ፍሬን ብዙ ሳይነኩ 20 ደቂቃ ያህል ነድተው ዳር ይዘው ያቁሙ፣ አራቱንም ቸርኬ በጥንቃቄ በእጅዎ ይሞክሩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። ከአባይ በረሃ ቁልቁለት በኋላ ይህን አይሞክሩ፤ ያኔ ሁሉም ይግላሉ። የኋላው ከሆነ ብዙ ጊዜ የእጅ ፍሬን ሽቦ ጭቃ በልቶት አልመለስ ብሏል ወይም የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩን ይነካል። በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ ያዙሩት፤ ነጻ ሆኖ መዞር አለበት።

ፎር ዊል ከሆነ የፊት ጎማ መሃል ላይ "ፍሪ" እና "ሎክ" የሚል የተጻፈባትን ማዞሪያ ይዩ። በሐምሌ ጭቃ "ሎክ" ተደርጋ እስከ ኅዳር የተረሳች ብዙ አይቻለሁ። ያኔ የፊት አክስሉ በከንቱ እየዞረ ነዳጅ ይበላል።

የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ሳይነዳ ይለካ። መጠኑ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ፤ ለጭነት የኋላው ከፍ ይላል። ሁለቱ ጠርዞች ቀድመው ካለቁ ንፋስ አንሶታል። ጎማውን በመዳፍዎ ሲዳብሱት በአንድ አቅጣጫ እንደ መጋዝ ከቆረጠዎ ግን የፊት ጎማዎቹ ተጣመው ይሄዳሉ፤ አላይመንት ያሠሩ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም

ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) ይንሸራተታል። አቀበት ላይ በአራተኛ ማርሽ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው እሱ ነው። የፔዳሉ ልቅነት ከጠፋ ያስተካክሉ፤ ካልሆነ ሸራው አልቋል፣ ይቀየር።

በአነዳድ የሚጠፋው

በረሃውን ሲወርዱ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አይልቀቁ። ፍሬን ግሎ እንደሚከዳ እያንዳንዱ የዚያ መንገድ ሾፌር ያውቃል። ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውም ልክ አይደለም፦ በማርሽ ሲወርዱ እግርዎ ነዳጅ መስጫው ላይ ከሌለ ፖምፓው ናፍጣውን ይቆርጣል፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በፎሌ ግን ሞተሩ በሚኒሞ ለመቆየት መጠጣቱን ይቀጥላል።

አስፋልት ላይ ከ80 በላይ መሄድ ለአሮጌ ፒካፕ ውድ ነው። የነፋስ ተቃውሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ባዶ ሲመለሱ ከላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ያውርዱ፣ የሚያርገበግበውን ሸራ ይጠቅልሉ።

ቤንዚን ከሆነ

ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) ያለው ሞተር ደጋ ላይ አየሩ ስለሚያንስ ቤንዚኑ ከመጠን በላይ ይበዛበታል። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) አውጥተው ይዩ፦ ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፣ ካርቡሬተሩ ለከፍታው ይስተካከል። ቡናማ ግራጫ ከሆነ ደህና ነው።

ካደረበት ቦታ መሬቱ ላይ ጠብታ

ማታ ከሞተሩና ከሰልባቲዮው ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት የናፍጣ ሽታ ያለው ነጠብጣብ ካገኙ ልክ ከላዩ ያለውን ይከተሉ። ከኖዝሎቹ ትርፉን ወደ ሰልባቲዮ የሚመልሱት ቀጫጭን ጎማዎች በዕድሜ ይሰነጠቃሉ፤ ቆሞ ላያፈሱ ይችላሉ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ያልባሉ። ስለዚህ ሞተሩን አስነስተው በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ ጥረጉና ከአምስት ደቂቃ በኋላ የረጠበውን ይፈልጉ። የተሰነጠቀውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ለናፍጣ በተሠራ ጎማ ይቀይሩ፤ የውሃ ጎማ በናፍጣ አብጦ በጥቂት ወር ይለቃል።