ቫት ስናሰላ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ድሬና ሐረር ለምትገበዩ

15 በመቶን ማስላት የሚከብደው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ካልኩሌተር ያለው ስልክ ይዟል። ከከዚራ ካፌ እስከ ሐረር ሸዋ በር ድረስ ግን የቫት ሒሳብ ሲሳሳት አያለሁ። ብዙዎቻችን 15ቱ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚነሳ ሳንጠይቅ ነው ማባዛት የምንጀምረው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

ለማስታወስ ያህል፦ ቫት፣ ማለትም ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የድሮውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ሥራ ላይ የዋለው በ1995 ዓ.ም ነው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጣለት፤ ቁጥሩ 1341/2016 ነው። አዋጁ ብዙ ነገር ቀይሯል። መደበኛው ምጣኔ ግን ያው 15 በመቶ ነው።

ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ ማውጣት

በጣም የተለመደው ይህ ነው። የከፈላችሁት 2,300 ብር ነው እንበል። «ከዚህ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው?» ሲባል ብዙ ሰው 2,300ን በ15 በመቶ ያባዛና 345 ብር ይላል። ትክክለኛው 300 ብር ነው።

2,300 ብሩ ውስጥ ቫቱ አስቀድሞ ገብቷል። የዕቃውን ዋጋ 100 ካልነው፣ ቫቱ 15፣ ጠቅላላው 115 ይሆናል። ስለዚህ ጠቅላላውን ለ1.15 ማካፈል ነው። 2,000 ይወጣል። ቀሪው 300 ብር ቫት ነው። ካላመናችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፦ የ2,000 ብር 15 በመቶ 300 ነው፤ ሲደመር 2,300።

በጭንቅላት ለመሥራት አንድ ዘዴ አለ። ጠቅላላውን ለ23 አካፍሉና በ3 አባዙ። 1,150 ብር ለ23 ሲካፈል 50፣ በ3 ሲባዛ 150። አለቀ።

ቫት ለመጨመር ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። አስር በመቶውን ያዙ፣ የዚያኑ ግማሽ ጨምሩበት። ለ840 ብር፦ 84 እና 42፣ ድምር 126። የምትከፍሉት 966 ብር ነው።

ይህ ስህተት ሸማቹን ብዙም አይጎዳውም ይሆናል። የቫት ተመዝጋቢ የሆነ ነጋዴ ግን 300 ማስገባት ሲገባው 345 ብሎ ቢያሳውቅ፣ 45ቱ ብር የሚወጣው ከራሱ ትርፍ ነው። በየሽያጩ ሲደጋገም ቀላል አይሆንም።

ምሳ ቤት ላይ «10 እና 15፣ 25» ብሎ መደመር

ሆቴሎችና ደህና ምግብ ቤቶች ላይ አንዳንዴ ሜኑው ግርጌ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት እንደሚጨመር ተጽፎ ታያላችሁ። ሰው ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ይላል። ሒሳቡ ሲመጣ ይበዛበታል፤ ከአስተናጋጁ ጋር ይጨቃጨቃል። አስተናጋጁ ግን አላጭበረበረም።

ለሦስት ሰው የበላችሁት በሜኑው ዋጋ 1,200 ብር ነው እንበል። መጀመሪያ የአገልግሎቱ 10 በመቶ ይገባል፤ 120 ብር። 1,320 ሆነ። ቫቱ የሚሰላው ከዚህ ከ1,320ው ላይ ነው፤ 198 ብር። የምትከፍሉት 1,518 ብር ይሆናል። በ25 በመቶ ስሌት ግን 1,500 ብቻ ነበር። የ18 ብሩ ልዩነት በአገልግሎት ክፍያው ላይ ያረፈው ቫት ነው። በአጭሩ የሜኑውን ዋጋ በ1.265 ማባዛት ነው።

የአገልግሎት ክፍያ ታክስ አይደለም። የቤቱ ክፍያ ነው። ቫት ግን መንግሥት ካዝና የሚገባ ገንዘብ ነው። ስለዚህ «የአገልግሎት ክፍያ አላችሁ?» ብሎ ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም። ሜኑው ላይ ዋጋው ቫትን እንደሚያካትት ከተጻፈ ደግሞ በላዩ ሌላ 15 በመቶ መጨመር የለበትም።

የማይመሳሰሉ ዋጋዎችን ማወዳደር

ይህኛው ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሐረር ላይ ቢሮ ወይም ቤት የሚያድስ ሰው ሁለት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። አንዱ ሱቅ 9,200 ብር ይላል። ሌላው 8,400። ዓይናችን ወዲያው ወደ ትንሹ ይሄዳል። ወረቀቱን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን 9,200ው ከነቫቱ ነው። 8,400ው ሥር ደግሞ «ቫትን አይጨምርም» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። 8,400 ላይ 15 በመቶ ሲገባ 9,660 ይሆናል። ርካሽ የመሰለው በ460 ብር ተወደደ።

ድሬ ታይዋን ገበያ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሰው ግማሽ ሰዓት ተከራክሮ ዋጋ ይቆርጣል። ገንዘቡን ሊቆጥር ሲል «ቫት ሲጨመር ይሄን ያህል ነው» ይባላል። ክርክሩ እንደገና ይጀመራል፤ አሁን ግን ሸማቹ ደክሟል። ከመነሻው «አቦ፣ ከነቫቱ የመጨረሻውን ንገረኝ» ብሎ መጀመር ይሻላል። ሁለታችሁም ስለ አንድ ቁጥር ታወራላችሁ።

«15 በመቶ ቀንሼልሃለሁ፣ ቫቱን እኔ ቻልኩት»

ደግ ነገር ነው፤ ሒሳቡ ግን እንደሚመስለው አይደለም። ከቫት በፊት 1,000 ብር የሚሸጥ ጫማ 15 በመቶ ሲቀነስለት 850 ይሆናል። ቫት ሲጨመር 977 ብር ከ50 ሳንቲም። ወደ 1,000 አይመለስም፤ ሲቀንስ ከ1,000 ላይ ነበር፣ ሲጨምር ከ850 ላይ ነው። እዚህ ላይ ሸማቹ ተጠቅሟል።

ቅናሹ በብር ሲሆን ደግሞ የት እንደሚቀነስ ጠይቁ። ከቫት በፊት 200 ብር ከተቀነሰ፣ ከጠቅላላው የሚወርደው 230 ነው። ከጠቅላላው ላይ ከተቀነሰ ግን 200 ብቻ ነው።

ቫት የሌለበት ቦታ ቫት ማስላት

ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትገዙ ቫት የሚባል ነገር የለም። የቫት ተመዝጋቢ ያልሆነ ነጋዴ ቫት መሰብሰብም አይፈቀድለትም። ደረሰኝ የሌለው ሰው «ቫት ጨምር» ካላችሁ ያ ገንዘብ መንግሥት ጋ አይደርስም። ተመዝጋቢ የሆነ ቤት የምስክር ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ሕክምና፣ ትምህርትና የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከቫት ነፃ ናቸው። የሱቅ ኪራይ ግን እንደ መኖሪያ ቤት አይታይም። አንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊቱን ሱቅ፣ ጓሮውን መኖሪያ አድርገው ለሚያከራዩ የድሬ ቤቶች ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የባንክ ዝውውር ላይም ግራ የሚጋቡ አሉ። ባንኮች በአገልግሎት ክፍያቸው ላይ ቫት መቁረጥ ሲጀምሩ፣ ከሚልከው ገንዘብ ላይ 15 በመቶ የሚቆረጥ የመሰለው ሰው ነበር። 5,000 ብር ልካችሁ የባንኩ ክፍያ 10 ብር ቢሆን፣ ቫቱ የ10 ብሩ ነው፤ 1 ብር ከ50። 5,000ው አይነካም።

«ድሬ ነፃ የንግድ ቀጠና ናት፣ ምን ቫት አለ?» የሚለኝም አንዳንዴ ይገጥመኛል። ቀጠናው በ2014 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ተመርቋል፤ በአገሪቱም የመጀመሪያው ነው። ግን የራሱ ክልል ያለው ቦታ ነው። ሳቢያን ሰፈር ያለ ሱቅ ውስጥ የምትገዙትን አይመለከትም።

ያለ ደረሰኝ መግዛትን ቅናሽ አድርጎ መቁጠር

ፍሪጅ ልትገዙ ገባችሁ። «በደረሰኝ 46,000፣ ያለ ደረሰኝ 40,000» ተባላችሁ። 6,000 ብር ያተረፋችሁ ይመስላል። የኑሮው ውድነት እያለ ይህን የሚመርጠውን ሰው አልወቅሰውም። ግን ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። ተመዝጋቢ ነጋዴ ደረሰኝ የመቁረጥ ግዴታ አለበት። ፍሪጁ በሳምንቱ ቢቆም፣ ከዚያ ቤት መግዛታችሁን የምታሳዩበት ወረቀት የላችሁም። ለድርጅታችሁ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ፣ ተመዝጋቢ እስከሆናችሁ ድረስ ያን 6,000 ብር ከምትከፍሉት ቫት ላይ ታቀናንሱት ነበር። ለዚህ ደረሰኙ ላይ የራሳችሁ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር መስፈር አለበት። ከመቆረጡ በፊት ንገሯቸው።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። 46,000 ከፍላችሁ ደረሰኙ ላይ 11,500 ይታተማል። ሰው ደረሰኝ ተሰጠኝ ብሎ አጥፎ ኪሱ ይከታል። ገልጦ ቢያየው ኖሮ ዋጋው 10,000፣ ታክሱ 1,500 እንደሆነ ያነብ ነበር። እናንተ የከፈላችሁት ቫት 6,000 ነው። 4,500ው የት ሄደ? ዕቃው ተበላሽቶ ገንዘባችሁ ይመለስ ብትሉ ደግሞ ወረቀቱ የሚመሰክርላችሁ ለ11,500 ብቻ ነው።

ስለዚህ ከባንኮኒው ሳትነሱ ከማሽኑ የወጣውን ደረሰኝ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። መጀመሪያ ጠቅላላው፦ ከኪሳችሁ ከወጣው ጋር እኩል ነው? ቀጥሎ የ15 በመቶው መስመር። ከሱ በላይ ታክስ የሚሰላበት ዋጋ። ሁለቱ ሲደመሩ ጠቅላላውን መስጠት አለባቸው። ታክስ የሌለበት ዕቃ አብሮ ከተገዛ ለብቻው በሌላ መስመር ይወጣል፤ እሱን ከ15 በመቶው ስሌት አውጡት። ከላይ የሻጩ ቲን ቁጥር፣ ቀኑና የደረሰኙ ቁጥር መኖራቸውን እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወረቀቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም። በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በሙቀት ይጠቁራል፣ ሲቆይም ይደበዝዛል። ድሬ ላይ ቀትር መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር የተረሳ ደረሰኝ ማታ ላይ ላይነበብ ይችላል። ዋስትና ያለው ዕቃ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ዋናውን ከዋስትና ካርዱ ጋር ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡ።