ስቴክድ ኢተሬ የት ገባ?

እሁድ ማታ ነው። ኮዬ ፈጬ መብራት ጠፍቷል። የጎረቤቴ ልጅ በስልኩ መብራት ደረጃውን እየወጣ አራተኛ ፎቅ ደረሰና «ጋሼ፣ ብሬ ተበላ!» አለኝ።

አልተበላም። ልጁ ኢተሩን (የኢተሪየም ብሎክቼይን ዲጂታል ገንዘብ ነው) ላይዶ በሚባል አገልግሎት በኩል ስቴክ አድርጎ፣ ማለትም ትርፍ እንዲያመጣ አስቀምጦ፣ በምትኩ ስቴክድ ኢተር የሚባል ቶከን ይዟል። ዋናው ኢተር እዚያው ኢተሪየም ላይ ተቀምጦ ትርፍ ያመጣል። ቶከኑን ግን መላክ፣ መሸጥ፣ ማስያዝ ይቻላል። እሱም ወደ አርቢትረም፣ ከኢተሪየም ጋር ወደተያያዘ ሌላ ኔትወርክ፣ አሻግሮት ነበር፤ ሲመልሰው ጠፋበት።

ልኬያለሁ፣ ዋሌቴ ግን ዜሮ ይላል

የኛን ሰፈር አስቡት። ቤት ቁጥር 12 በየብሎኩ አለ። የዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ መተግበሪያ) አድራሻም እንደዚያው ነው፤ ኢተሪየም፣ አርቢትረም፣ ቤዝ በሚባሉት ኔትወርኮች ላይ አንድ ዓይነት አድራሻ አላችሁ፣ ዕቃው ያለው ግን አንዱ ብሎክ ውስጥ ነው። (እዚህ ደግ ነገሩ፣ አንድ ቁልፍ ሁሉንም ይከፍታል።) ስለዚህ መጀመሪያ ዋሌቱ የተከፈተበትን ኔትወርክ ቀይሩ። ካልታየ አድራሻችሁን ኢተርስካን (ለኢተሪየም) ወይም አርቢስካን (ለአርቢትረም) ላይ ፈልጉ፤ በአድራሻው ያለውን የሚያሳዩ ድረ ገጾች ናቸው። እዚያ ካለ ችግሩ የዋሌቱ ነው፤ የቶከኑን የኮንትራት አድራሻ (ቶከኑ በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን) ጨምሩለት። አድራሻውን ከላይዶ ይፋዊ ገጽ ብቻ ቅዱ፤ በተመሳሳይ ስም የሚሸጥ የውሸት ቶከን ሞልቷል።

ልጁ ሁለቱም ጋ አልነበረውም። ጉዳዩ ሌላ ነው። በአርቢትረም በራሱ ብሪጅ (ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ማሻገሪያ) ስትሄዱ የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው፤ ስትመለሱ ግን 7 ቀን ገደማ። ማጭበርበር ካለ ተቃውሞ የሚቀርብበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ ቀኑ ሲያልቅ ገንዘቡ በራሱ አይመጣም። ብሪጁን ከፍታችሁ ክሌይም (መረከቢያውን) መጫን አለባችሁ። የልጁ 9ኛ ቀኑ ነበር።

ክሌይም አልሠራም፣ ወይም ቶከኑ አለ ግን አይንቀሳቀስም

ጋዝ፣ ማለትም ለኔትወርኩ የሚከፈለው የግብይት ክፍያ፣ የለም። የክሌይሙ ጋዝ የሚከፈለው ኢተሪየም ላይ በኢተር ነው፤ ልጁ ደግሞ ያለውን ሁሉ ስቴክ አድርጎ ጨርሷል። ታክሲ የሚሳፈርበት ሳንቲም ሳይዝ ደሞዙን ሁሉ እቁብ እንደከፈለ ሰው። አርቢትረም፣ ኦፕቲሚዝምና ቤዝ ላይም ጋዙ ኢተር ነው፤ ፖሊጎን ላይ ግን ፖል የሚባለው የራሱ ገንዘብ ነው። ትንሽ ኢተር ወደዚያው አድራሻ፣ በዚያው ኔትወርክ አስልኩ። ከኤክስቼንጅ (ዲጂታል ገንዘብ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት ድርጅት) ስታወጡ ኔትወርኩን ሁለቴ እዩት።

ቁጥሩ አያድግም

ስቴክድ ኢተር ትርፉ በቁጥር ነው፤ ኢተሪየም ላይ በየቀኑ ትንሽ ይጨምራል። ሌሎች ብሎክቼይኖች ላይ የምታገኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራፕድ (የተጠቀለለ) ስቴክድ ኢተር ነው። የሱ ቁጥር ባለበት ይቆማል፤ የሚያድገው የአንዱ ዋጋ ነው። ስለዚህ 1 ራፕድ ከ1 ኢተር በላይ ያወጣል። ምንም አልተበላሸም። የሚበላሸው ያልተጠቀለለውን ስቴክድ ኢተር በማይሆን ብሪጅ ስትልኩ ነው፤ የዕለቱ ጭማሪ አብሮ ላይሻገር ይችላል። ጠቅልላችሁ ላኩ።

ስሸጠው ጎደለብኝ

የሸጣችሁበት ገበያ ውስጥ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ወይም ሁሉም ሰው በአንዴ እየሸጠ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ስቴክድ ኢተር ከኢተር ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ያኔ መውጫው ገበያው ብቻ ነበር። ከግንቦት 2023 ወዲህ ግን ኢተሪየም ላይ ከላይዶ ወረፋ ይዞ በኢተር መቀበል ይቻላል፤ ቀናት ይፈጃል። ካልቸኮላችሁ እሱ ይሻላል።

ወደ ኤክስቼንጅ በተሳሳተ ኔትወርክ ላክሁ

ይሄ ከባዱ ነው። የዚያ አድራሻ ቁልፍ እነሱ ጋ ነው። የግብይቱን መለያ ይዛችሁ ለደንበኛ አገልግሎታቸው ጻፉ፤ አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አይመልስም። በዚህ መሀል ቴሌግራም ላይ «ላስመልስልህ» የሚል ይመጣል። ዋሌታችሁን የሚከፍቱትን 12ቱን ሚስጥራዊ ቃላት ስጡኝ ካለ ብሎክ አድርጉት።

ልጁም አንዱ ጽፎለት ነበር። ደግነቱ ባትሪው አልቆ አልመለሰለትም።